የድሮ ስቴሪዮ ዕቃዎችን አገጣጥሞ ማጫወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት የጎጃም ከተሞች ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ የድሮ ስቴሪዮ ያለበት ቤት ብዙ ነው። አምፕሊፋየሩ አንድ ቦታ፣ ሸክላ ማጫወቻው ቁም ሳጥን ላይ፣ ስፒከሮቹ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ ሆነው ይገኛሉ። «ተበላሽቷል» ከሚባለው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ግን ደህና ነው፤ ወይ በማይገባው ቀዳዳ ተሰክቷል፣ ወይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቀርቷል። የእውነት የተበላሸውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የተቃጠለው ከዓመታት በኋላ በጥድፊያ መብራት ላይ በተሰካባት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች አይዝለሏቸው።

ዕቃው ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሠራ ተቀምጧል። ሰክቼ ልሞክረው?

አይሰኩት፤ መጀመሪያ ይክፈቱት። የላይኛው ክዳን ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት በሚሆኑ ብሎኖች የታሰረ ነው፤ በካቻቢቴ ይፈታል። ውስጡን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ቀስ ብለው ያራግፉ። ጭቃ ቤት ውስጥ የቆየ ዕቃ ከግድግዳና ከኮርኒስ የረገፈ አፈር፣ የበረሮ እንቁላል፣ አንዳንዴም የአይጥ ጎጆ ይዞ ይገኛል። የአይጥ ሽንት የመዳቡን መስመር አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል፤ አረንጓዴ ዝገት ካዩ ሳይሰኩት ለባለሙያ ያሳዩ። ቀጥሎ ጣሳ የመሰሉትን ትልልቅ ካፓሲተሮች ይመልከቱ። አናቱ ያበጠ ወይም ሥሩ ላይ የደረቀ ፈሳሽ ያለው ካለ መቀየር አለበት። በእጅዎ ግን አይንኳቸው፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ንጹሕ ከሆነና ቮልቴጁ ከእኛ መብራት ጋር መስማማቱን ካረጋገጡ (ቀጣዩን መልስ ይዩ) የመጀመሪያውን መብራት በአምፖል በኩል ይስጡት። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አጭር ማራዘሚያ ያዘጋጁና ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን፣ ፌዙን (መብራት የሚያመጣውን)፣ ቆርጠው በመሐሉ ባለ 60 ወይም 100 ዋት ባለ ክር አምፖል ያስገቡ። አምፕሊፋየሩ ሲበራ አምፖሉ ለአፍታ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ወዲያው ይንቀሉ። ኤል ኢ ዲ አምፖል እዚህ ላይ አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ክሩ ሲግል የሚጨምረው መከላከያ ነው። በ220 ቮልት መስመር ላይ እጅዎን አስገብተው የማያውቁ ከሆነ ይህን አንድ ሥራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉለት። አምፖሉን ቆጥበው ግን አይለፉት፤ ብዙ ትራንዚስተር ያተረፈ ዘዴ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ስፒከር ከመሰካትዎ በፊት አምፖሉን አውጥተው አምፕሊፋየሩን በቀጥታ ያብሩ፣ ድምፁን ዜሮ ላይ ያድርጉ፣ ቴስተርዎን (የቮልት መለኪያውን) ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው የስፒከሩን መውጫ ቀይና ጥቁር ይለኩ። ግራውንም ቀኙንም። መጀመሪያ 20 ቮልት ላይ፣ ትንሽ ከሆነ ወደ 200 ሚሊቮልት ዝቅ ያድርጉ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ስፒከሩን ይስኩ። ከ100 ካለፈ ያሳዩት። ሙሉ ቮልቶች ካነበበ የውጤት ትራንዚስተሩ ሄዷል ማለት ነው፤ ስፒከር ቢሰኩበት የስፒከሩ ጥቅልል ይቃጠላል።

ከጀርባው 100 ወይም 120 ቮልት ይላል። እኛ ጋ ይሠራል?

በቀጥታ አይሠራም። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት፣ ለአሜሪካና ለካናዳ የተሠራው 120 ቮልት፣ ለአውሮፓ የተሠራው ከ220 እስከ 240 ይላል። ከዘመድ በሻንጣ የመጣ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካው ነው። በሳንቲም ወይም በካቻቢቴ የምትዞር የቮልቴጅ መምረጫ ከጀርባ ካለች ዕድለኛ ነዎት፦ ሶኬቱ ተነቅሎ 220 ላይ ያዙሯት። መምረጫዋ 240 ካላትና በቤትዎ ሶኬት ቴስተሩ ከ230 በላይ የሚያነብ ከሆነ 240 ላይ ያድርጓት፤ ዕቃው ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል። ፊውዙንም ይዩ። ከ120 ወደ 220 ሲቀየር የሚያልፈው ከረንት በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ የፊውዙ አምፒርም በግማሽ ይቀንሳል። ትክክለኛው ቁጥር ከፊውዙ ቤት አጠገብ ይጻፋል። በሲጋራ ወረቀት ብር ወይም በቀጭን ሽቦ የተጠገነ ፊውዝ ቤት አቃጣይ ነው።

መምረጫ ከሌለው ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከጀርባው 120 ዋት የሚል አምፕሊፋየር ቢያንስ 250 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ እጥፍ ያድርጉት። ባለ 120 ቮልቱ ዕቃ በ110 ያለ ችግር ይሠራል። ባለ 100 ቮልቱን የጃፓን ዕቃ ግን በ110 ማሠራት አሥር በመቶ ማብዛት ነው፤ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ለእሱ 100 ቮልት የሚያወጣ ይፈልጉ።

ሲገዙ በእጅዎ ይመዝኑት። እውነተኛ ትራንስፎርመር ብረትና መዳብ ስለሆነ ይከብዳል። በመዳፍ የምትገባ፣ ቀላል፣ «1600 ዋት» የሚል ጽሑፍ የለጠፈች ሳጥን ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ የተሠራች ናት። የምታወጣው ሞገድ የተቆራረጠ ስለሆነ አምፕሊፋየር ታበላሻለች።

ከጀርባ ያሉት ቀዳዳዎች ግራ ያጋባሉ። የትኛው ለምን ነው?

አምፕሊፋየሩን ሁሉም መንገድ የሚገናኝበት አደባባይ አድርገው ያስቡት። ከአንድ ጎን ምንጮቹ ይገባሉ፣ ከሌላው ጎን ስፒከሮቹ ይወጣሉ። «ፎኖ» ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ ነው። «ቲዩነር» ለሬዲዮ፣ «ኦክስ» ለማንኛውም ሌላ ምንጭ፣ ለስልክም ለሲዲም ለቴሌቪዥንም ነው። «ቴፕ» የሚለው አራት ቀዳዳ አለው፦ «ፕሌይ» የተባሉት ሁለቱ ከካሴት ዴኩ ድምፅ የሚቀበሉ፣ «ሬክ» የተባሉት ሁለቱ ለመቅዳት ወደ ዴኩ የሚልኩ ናቸው።

የአርሲኤ ሽቦ ቀይ ጫፉ ቀኝ፣ ነጩ (በድሮዎቹ ጥቁሩ ወይም ግራጫው) ግራ ነው። ግራና ቀኝ ቢቀያየር የሚበላሽ ነገር የለም። መግቢያና መውጫ ቢቀያየር ግን ድምፅ አይመጣም፤ በተለይ ካሴት ዴክ ላይ ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። ከዴኩ «አውት» ወደ አምፕሊፋየሩ «ፕሌይ»፣ ከአምፕሊፋየሩ «ሬክ» ወደ ዴኩ «ኢን» ይሰካል። ሁልጊዜ አንዱ የሚያወጣ፣ ሌላው የሚቀበል መሆኑን ይዩ።

ሁሉም ዕቃ ጠፍቶ፣ ድምፁ ዜሮ ሆኖ ይሰኩ። ሲያበሩ ምንጮቹን አስቀድመው አምፕሊፋየሩን በመጨረሻ፤ ሲያጠፉ አምፕሊፋየሩን መጀመሪያ። ተገላቢጦሽ ካደረጉት የማብሪያዋ «ጓ» የምትል ድምፅ በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ታርፋለች።

ሸክላ ማጫወቻውን ኦክስ ላይ ሰካሁት፤ ድምፁ የትንኝ ያህል ነው። ለምን?

የሸክላ መርፌ የሚያመነጨው ኃይል እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነው። በተለመደው ባለ ማግኔት መርፌ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ቢሆን ነው። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ይሰጣል፤ ይህ በመቶዎች የሚቆጠር እጥፍ ነው። ነገሩ የማጉላት ብቻም አይደለም። ሸክላ ሲታተም ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ካልሆነ ጎድጓዱ እየሰፋ ሸክላው ላይ ብዙ ሙዚቃ አይገባም ነበር። የፎኖ መግቢያው ድምፁን ያጎላና ያንን መልሶ ያስተካክላል። ኦክስ ላይ የተሰካ ሸክላ ቀጭንና ደካማ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አምፕሊፋየሩ ፎኖ ከሌለው ትንሽ የፎኖ ማጉያ በመሐል ያስገቡ፤ ከማጉያው ወደ ኦክስ ይሄዳል። በተቃራኒው ሲዲ ወይም ስልክ ፎኖ ላይ መሰካት ድምፁን ያስጮኸዋል፣ ያንቧጭረዋል፤ ስፒከርም ይጎዳል።

ልዩ ሁኔታው ድሮ ሬዲዮግራም ይባሉ ከነበሩት፣ እግር ካላቸው የእንጨት ሳጥኖች የወጣው ማጫወቻ ነው። የእነዚያ መርፌ ሴራሚክ ወይም ክሪስታል ስለሆነ ጠንካራ ኃይል ያወጣል፤ የእነሱ ቦታ ኦክስ ነው። ክብደታቸው ከ3 እስከ 5 ግራም ስለሚጫን ሸክላውንም ቶሎ ይበላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 አምሃ ሬከርድስ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር ትናንሽ ሸክላዎች በእጅዎ ካሉ እባክዎ በዚህ ዓይነት መርፌ አያጫውቷቸው። ክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 ግራም የሚስተካከል ባለ ማግኔት መርፌ ይፈልጉላቸው። ያ ሸክላ ከተፋቀ ተመልሶ አይገኝም።

ሸክላ ሳጫውት «ህምምም» የሚል ድምፅ አለ። ከየት ነው?

ከሸክላ ማጫወቻው ከቀይና ነጩ ጋር የምትወጣውን ቀጭን ሦስተኛ ሽቦ ይፈልጉ፤ ጫፏ ሹካ ቅርጽ አላት። እሷ ከአምፕሊፋየሩ «ግራውንድ» ብሎን ሥር መታሰር አለባት። በብዙ ቤት ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ ወይም «ትርፍ ናት» ተብላ ትቆረጣለች። ብሎኗ ዝጋ ከሆነ በአሸዋ ወረቀት አሸት አሸት አድርገው ያሰሯት። ከሶኬቱ የመሬት መስመር ጋር ወይም ከውሃ ቧንቧ ጋር አያገናኟት።

ታስራም ህምታው ካለ ሸክላ ማጫወቻውን ከአምፕሊፋየሩና ከማውረጃ ትራንስፎርመሩ ያርቁት፤ ግማሽ ሜትር ብዙ ለውጥ ያመጣል። የመብራት ሽቦና የድምፅ ሽቦ ጎን ለጎን ታስረው ከሆነ ይለያዩዋቸው፤ መገናኘት ካለባቸው በመስቀል ይተላለፉ። እጅዎን መርፌው ጭንቅላት ላይ ሲያደርጉ ህምታው ከተቀየረ ጭንቅላቱ ውስጥ ካሉት አራት የቀለም ሽቦዎች አንዷ ላልታለች።

ሸክላው ይዞራል፣ ግን ዘፈኑ ዘገምተኛ ነው፤ የሴቷ ድምፅ የወንድ ሆነ።

በትራንስፎርመር የሚሠራ የአሜሪካ ማጫወቻ ከሆነ ምክንያቱ ኸርዙ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ኸርዙን አይነካም። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመስመሩ ኸርዝ የሚወስድ ዓይነት ከሆነና ለ60 ከተሠራ በእኛ 50 ላይ 33 ከሲሶ የነበረው ዙር ወደ 28 ይወርዳል። መፍትሔው የሞተሩን ዘንግ ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ለ50 ኸርዝ በተሠራችው መቀየር ነው። አንዳንድ ፋብሪካ ሁለቱንም መዘውር ከሳህኑ ሥር አስቀምጦ ይልካል፤ ሳህኑን አንስተው ይፈልጉ። ቀጥታ በሞተር የሚዞሩት ባለ ኳርትዝ ማጫወቻዎች ይህ ችግር የለባቸውም።

ለመለካት ስልክዎ ይበቃል። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይለጥፉ፣ ሰዓት ይያዙና ይቁጠሩ፦ በሦስት ደቂቃ በትክክል 100 ጊዜ መዞር አለበት። 84 ገደማ ላይ ካቆመ የኸርዙ ነገር ነው። ቁጥሩ በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ ግን ሳህኑን የምታዞረው የጎማ ቺንጋ ረግባ ትንሸራተታለች። ያረጀች ቺንጋ አንዳንዴ ቀልጣ እንደ ሬንጅ ትለጠፋለች፤ በአልኮል ሙልጭ አድርገው ጠርገው አዲስ ያግቡ። የኪስ ቦርሳ ላስቲክ ለጊዜው ያዞራታል፣ ሙዚቃው ግን ይዋልላል።

የጀርመን አምፕሊፋየሬ አርሲኤ የለውም፤ አምስት ቀዳዳ ያላት ክብ ሶኬት ናት ያለችው።

ዲን ትባላለች። ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከን፣ ፊሊፕስ እንዲሁም በደርግ ጊዜ የመጡት የሶቪየት ዕቃዎች ይጠቀሙባት ነበር። አምስቱ እግሮች በግማሽ ክብ ይደረደራሉ፤ ተራ ቁጥራቸው ግን ከዳር እስከ ዳር 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3 ነው። መካከለኛዋ 2 ግራውንድ ናት። ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባ ድምፅ፦ ግራው በ3፣ ቀኙ በ5። ለመቅዳት የሚወጣው፦ ግራው በ1፣ ቀኙ በ4። ስለዚህ ስልክ ወይም ሲዲ ለመሰካት የሚያስፈልጉት 3፣ 5 እና 2 ብቻ ናቸው።

ሽቦውን ራስዎ በስታኞ የሚበይዱ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ፦ መሰኪያው ከፊት ሲታይና ከኋላ፣ ከሚበየድበት በኩል ሲታይ ቁጥሩ ይገለበጣል። ብዙ ሰው ከፊት አይቶ ከኋላ ይበይድና መቅጃው ላይ ይሰካል፤ ድምፅ የለም። ቁጥሮቹ ከእያንዳንዷ እግር ሥር በጣም ደቂቅ ሆነው ተቀርጸዋል፤ በስልክ ካሜራ አጉልተው ያንብቧቸው። ከበየዱ በኋላ እግር ከእግር አለመነካካቱን በቴስተር ይፈትሹ።

የዲን የመቅጃ መውጫ ኃይሉ ደካማ ነው። በአርሲኤ ዴክ ላይ ሲቀዱ የድምፅ መጠን ጠቋሚው መርፌ ባይነሳ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም።

የስፒከር ሽቦ ምን ዓይነት ይሁን? እንዴትስ ይታሰራል?

ውድ ሽቦ አያስፈልግም። እስከ አሥር ሜትር ድረስ ለባለ 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መከላከያ መለኪያ ነው) ስፒከር ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ያለው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ጥንድ የመዳብ ሽቦ በቂ ነው። በአሥር ሜትር ደርሶ መልስ የሚያባክነው 0.23 ኦም ገደማ ብቻ ነው። ከ4 ሜትር በታች ከሆነ 0.75ም ይሠራል። መዳብ መሆኑን በምላጭ ፋቅ አድርገው ይዩ፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ ይተዉት።

ከጫፉ አንድ ሳንቲሜትር ብቻ ይላጡ፣ ክሮቹን አጥብቀው ያጠንጥኑ፣ ያስገቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በእጅ ባትሪ ይመልከቱ፦ ከቀዩ የወጣች አንዲት ፀጉር የምታክል ክር ጥቁሩን ከነካች አምፕሊፋየሩ ድምፅ ሲጨመርበት ትራንዚስተሩ ይሄዳል። የድሮ አምፕሊፋየር በብዛት የሚሞተው በእንዲህ ዓይነቷ ክር ነው። ሽቦው መተላለፊያ ላይ እንዳይረገጥ በግድግዳው ጥግ ያሳልፉት፤ ልጆች እየተጠለፉ ሲጎትቱት ጫፉ ይላላና ያው ይሆናል።

ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ በሁለቱም ስፒከር ላይ አንድ ዓይነት። አንዱ ቢገለበጥ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ነገር ግን አንዱ ስፒከር አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ከበሮው ይጠፋል፣ የዘፋኙ ድምፅም ከመሐል ሸሽቶ የት እንዳለ አይታወቅም። ምልክቱ የጠፋበትን ስፒከር በ1.5 ቮልት ባትሪ ይለዩ፦ ሁለቱን ጫፎች ለቅጽበት ነካ ሲያደርጓቸው ትልቁ ወረቀት ወደ ውጭ ከገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ቀዩ ነው። ባለ ሁለት እግር የዲን ስፒከር መሰኪያ ከሆነ ክቧ እግር ፖዘቲቭ፣ ጠፍጣፋዋ ኔጋቲቭ ናት።

አራት ስፒከር ልሰካበት እችላለሁ?

«ኤ» እና «ቢ» የሚል መምረጫ ካለው መሰካት ይቻላል፣ ግን ኦሙን ያስሉ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች አንድ ጎን ላይ አብረው ሲሠሩ አምፕሊፋየሩ የሚያየው 4 ኦም ነው። ሁለት ባለ 4 ከሆኑ 2 ኦም ይሆናል፤ ይህን የሚችል የድሮ አምፕሊፋየር ብርቅ ነው። ከመውጫው አጠገብ የተጻፈውን ዝቅተኛ ቁጥር ያንብቡና ከእሱ አይውረዱ። ለሠርግና ለማኅበር ሲባል ቤት ውስጥ ያለውን አምፕሊፋየር አራት ስፒከር ጭኖ ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን ማጫወት የሚያስከትለው ይኸው ነው፤ የቤት ዕቃ ለድንኳን አልተሠራም።

ሁሉም በትክክል ተሰክቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ድምፅ ግን የለም።

በዚህ ቅደም ተከተል ይዩ። «ቴፕ ሞኒተር» የሚለው ቁልፍ ተጭኖ ከሆነ ይልቀቁት፤ ተጭኖ ሳለ አምፕሊፋየሩ የሚሰማው ካሴቱን ብቻ ስለሆነ ሸክላም ሬዲዮም ዝም ይላሉ። ቀጥሎ የስፒከር መምረጫው «ኤ» ላይ መሆኑን፣ የጆሮ ማዳመጫ አለመሰካቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ከጀርባ «ፕሪ አውት» እና «ሜይን ኢን» የሚሉ ቀዳዳዎች ካሉ በመሐላቸው የፈረስ ኮቴ የመሰሉ ሁለት የብረት ድልድዮች መኖር አለባቸው። አንድ ሰው ሲያጸዳ አውጥቷቸው ከሆነ ድምፁ መሐል መንገድ ላይ ተቋርጧል፤ በሁለት አጭር የአርሲኤ ሽቦ ይተካሉ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ቁልፎቹን ሁሉ ሃያ ሃያ ጊዜ ወዲህ ወዲያ ያንቀሳቅሱ፤ ዓመታት የተቀመጠ ቁልፍ ውስጡ ይዝጋል።

ድምፅ ማዞሪያው «ክርርር» ይላል፤ አንዱ ጎን ይመጣል ይሄዳል።

ውስጡ ያለው ቆሻሻና ዝገት ነው። ጣና ዳር ያሉ ቤቶች እርጥበት ስለሚበዛባቸው ባሕር ዳር ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል። ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ይግዙ፣ ሶኬቱን ነቅለው በማዞሪያው ወገብ ላይ ባለችው ክፍተት ለቅጽበት ይርጩ፣ ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ጊዜ ያዙሩ፣ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። የበር ማጠፊያ የሚያለሰልሰው ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ዛሬ ዝም ያሰኘዋል፣ ነገ አቧራ ይሰበስባል።

የካሴቱ ድምፅ ታፍኗል። ሄዱን (የካሴቱን ክር የሚያነበውን ክፍል) በምን ልጥረግ?

90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል በተነከረ የጆሮ ጥጥ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ነጭ እስኪሆን ይቀያይሩ። ሄዱንም፣ ካሴቱን የምትጎትተውን ቀጭን የብረት ዘንግም፣ አብሯት የምትዞረውን ጎማም። በአረቄ መጥረግ በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ አረቄ ግን ውሃና ሌላ ቅሪት ስላለው ሄዱ ላይ ሽፋን ይተዋል። የድሮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ለማሻገር ካሰቡ ከዴኩ «አውት» በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ ይሰኩ፤ በአምፕሊፋየሩ በኩል መዞር አያስፈልግም። ከመቅዳትዎ በፊት ካሴቱን አንዴ እስከ መጨረሻ አስኪደው ይመልሱት፤ ተጣብቆ የቆየ ክር መሐል ላይ እንዳይበጠስ።

ስልኬንስ?

ከአንድ በኩል የጆሮ ማዳመጫ ጃክ፣ ከሌላው ቀይና ነጭ አርሲኤ ያለው ሽቦ ይግዙና ኦክስ ላይ ይስኩ። ጃክ ለሌለው ስልክ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ይሠራል። የስልኩን ድምፅ ከሞላ ጎደል ሙሉ ያድርጉ፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት በአምፕሊፋየሩ ይሁን።

ሬዲዮው ይንሿሿል፣ ጣቢያም አይዝም።

ቆርቆሮ ጣሪያ የኤፍ ኤምን ሞገድ ይከለክላል፤ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ሥር የተጠቀለለ አንቴና ምንም አያመጣም። ጥንድ ሽቦ ወስደው ጫፉን 75 ሳንቲሜትር ያህል ለሁለት ይሰንጥቁ፣ ሁለቱን ክንዶች ግራና ቀኝ ዘርግተው በቲ ቅርጽ መስኮት ላይ ወይም ከታዛው ሥር ይቸንክሩ፣ ሌላውን ጫፍ «300 ኦም» የሚሉት ሁለት ብሎኖች ላይ ይሰሩ። የሚያሳዝነው ግን ለጃፓን አገር የተሠራ ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ፣ የሶቪየቱ ደግሞ ከ66 እስከ 74 አካባቢ ብቻ የሚይዝ መሆኑ ነው። የእኛ ጣቢያዎች እስከ 108 ድረስ ስለሚሄዱ እነዚህን በአንቴና ማስተካከል አይቻልም። አምፕሊፋየሩን ይጠቀሙበት፣ ሬዲዮውን ከስልክ ያምጡ።

ሸክላ ማጫወቻው የት ይቀመጥ?

ስፒከር ላይ አይደለም። ስፒከሩ ሲንቀጠቀጥ መርፌው ይሰማዋል፣ ያንኑ መልሶ ይልከዋል፣ ጉርምርምታው እየገነነ ይሄዳል። ወለሉ ጣውላ ከሆነ በእግር ስንራመድ መርፌው ይዘላል፤ ግድግዳ ላይ የተቸነከረ መደርደሪያ ይሻላል። የግንበኛ ውሃ ልክ ሳህኑ ላይ አስቀምጠው በሁለት አቅጣጫ ያስተካክሉ። ከታች ለመደልደል የታጠፈ ካርቶን ይበቃል።

መብራት እየሄደ እየመጣ ዕቃውን እንዴት ልጠብቀው?

መብራት ሲሄድ አምፕሊፋየሩን በማጥፊያው ያጥፉ፤ ሶኬቱንም ቢነቅሉ ይሻላል። ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያዋ ላይ ቮልቱ ሊዘል ስለሚችል አምፖሎቹ እስኪረጉ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጣድ መስመሩ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይነሣል፤ ስቴሪዮውንና ምጣዱን በአንድ ማከፋፈያ አይሰኩ። ስታቢላይዘር የሚረዳ ነው፤ የአምፕሊፋየሩን ዋት እጥፍ የሚችል ይሁን። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሰማዩ ሲጠቁር የመብራቱን ሶኬትም የውጭውን አንቴናም ይንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ መብረቅ በማጥፊያዋ መካከል ያለችውን ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት አይፈራም።

ባለሙያ ጋ ስወስደው ምን ይዤ ልሂድ?

ሽቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት የጀርባውን ፎቶ አንሡ፤ አንዱን ከሩቅ፣ ሁለት ሦስቱን ከቅርብ፣ ጽሑፉ እንዲነበብ አድርጋችሁ። በየሽቦው ጫፍ ላይ ናስትሮ ጠቅልለው «ሸክላ»፣ «ቴፕ»፣ «ግራ ስፒከር» ብለው ይጻፉበት። ለባለሙያው «አይሠራም» ከማለት ምን ሲያደርጉ ምን እንደሆነ ይንገሩት፦ ስንት ደቂቃ ከሠራ በኋላ፣ በየትኛው ጎን፣ ሸክላ ላይ ብቻ ነው ወይስ ካሴት ላይም። ማውረጃ ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ከሆነ እሱንም ይዘውለት ይሂዱ፤ ሱቁ ውስጥ 220 ላይ ሰክቶት እንዳያቃጥለው ከሶኬቱ ላይ «110 ቮልት» ብለው በትልቁ ይለጥፉበት።